እሁድ የበረሩበት ሰዓት ይከፈላል ወይ? ለአንዲት የፌዴራል ሠራተኛ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ዋሽንግተን ዲሲ ባለ የፌዴራል መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። ነን-ኢግዜምፕት (የኦቨርታይም ሕግ የሚጠብቀኝ ሠራተኛ) ነኝ። የሥራ ሰዓቴ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 8:00 እስከ ከሰዓት በኋላ 4:30 ነው። ባለፈው ወር ለአንድ ሳምንት ሥራ ወደ አትላንታ ተላክሁ። እሁድ 1:00 ላይ ኤርፖርት ደረስኩ፣ 2:45 በረርኩ፣ ሆቴል የገባሁት 5:45 ነው። ዓርብ ከሥራ በቀጥታ ወደ ኤርፖርት ሄጄ ማታ 8:00 ላይ ሬገን ኤርፖርት ገባሁ። ስለ ሰዓቶቹ ስጠይቅ አለቃዬ ‹ጉዞ ሥራ አይደለም፤ ፐርዲየም ተከፍሎሻል፤ ካስፈለገ ሁሉንም ትራቭል ኮምፕ (ለጉዞ ሰዓት የሚሰጥ ዕረፍት) ብለሽ ሙዪው› አለኝ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ግን ዕቃ ጭነህ በመንግሥት መኪና ሂድ ተብሎ ነድቶ ስለሄደ የእሁዱ ጉዞ በሙሉ በኦቨርታይም ተከፍሎታል። እሱም ነን-ኢግዜምፕት ነው። የሄድነው አንድ ቦታ፣ ለአንድ ሥራ ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው? የኔስ ሰዓት ቀልጦ ቀረ ማለት ነው?»

አልቀረም። ከእሁዱ ጉዞ ሦስት ሰዓት ተኩሉ በገንዘብ፣ በአንድ ተኩል እጥፍ የሚከፈል ኦቨርታይም ነው። የተረፈው የእሁድ አንድ ሰዓት ከሩብና የዓርብ ማታው ሦስት ሰዓት ተኩል ገንዘብ አይሆንም፤ ግን የዕረፍት ሰዓት ሆኖ ይመዘገብልዎታል። አለቃዎ ግማሹን ልክ ናቸው። የተሳሳቱበት ግማሽ ግን ገንዘብ ያለበት ነው።

ዝርዝሩን ረጋ ብዬ ላስረዳ። ሰዓት የምጽፈው እንደ ጥያቄዎ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ የፐርዲየሙን ነገር ከመንገድ እናንሳው። ፐርዲየም ደሞዝ አይደለም። ለመኝታ፣ ለምግብና ለጥቃቅን ወጪ የሚሰጥ መተኪያ ነው። የሚመራውም ጂኤስኤ የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት በሚያወጣው የጉዞ ደንብ ነው። በመሄጃውና በመመለሻው ቀን የምግቡ ክፍል ወደ 75 በመቶ የሚወርደውም ለዚህ ነው፤ የሚታሰበው የሚበሉት እንጂ የሚሠሩት ሰዓት አይደለም። የሰዓት ክፍያ ደግሞ ሌላ ሕግ አለው። አንዱ ስለተከፈለ ሌላው አይቀርም። «ፐርዲየም ተከፍሎሻል» የሚለው መልስ ለእርስዎ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ይሰማል። ሰዉም አምኖ ይተወዋል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። የፌዴራል ሠራተኛ ኦቨርታይም በሁለት ሕግ ይመራል። አንዱ አርዕስት 5 የሚባለው የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። ሌላው በ1938 የወጣው የፍትሐዊ የሥራ መመዘኛዎች ሕግ፣ በተለምዶ ኤፍኤልኤስኤ የሚባለው ነው። ይህኛው ለፌዴራል ሠራተኞች በስፋት የደረሰው በ1974 በወጣ ማሻሻያ ነው። ለአብዛኛው የፌዴራል ሠራተኛ የሚያስፈጽመውም ኦፒኤም የሚባለው የፌዴራል ሠራተኞች አስተዳደር ቢሮ ነው፤ የሠራተኛ ሚኒስቴሩ አይደለም። ነን-ኢግዜምፕት የሆነ ሰው በኤፍኤልኤስኤ ይጠበቃል። ኢግዜምፕት የሆነ በአርዕስት 5 ብቻ ይዳኛል። እርስዎ የትኛው እንደሆኑ እርግጠኛ ለመሆን ኤስኤፍ-50 የሚባለውን ወረቀትዎን አውጥተው ሳጥን ቁጥር 35ን ይዩ። «ኤን» ካለ ነን-ኢግዜምፕት ነዎት፣ «ኢ» ካለ ኢግዜምፕት። በወሬ ወይም በደረጃ አይገምቱ። ሳጥኑ ስህተት ነው ብለው ካመኑም መከራከር ይችላሉ፤ ደንቡ ሠራተኛውን ነን-ኢግዜምፕት ነው ብሎ ይጀምርና ኢግዜምፕት መሆኑን የማስረዳቱን ሸክም መሥሪያ ቤቱ ላይ ይጥላል።

«ጉዞ ሥራ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ መከራከር ግን የትም አያደርስም። ደንቡ እንደዚያ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በየትኛው ቀን፣ ስንት ሰዓት ላይ ተጓዙ? እየነዱ ነበር ወይስ ተሳፍረው? አድረው ነው ወይስ በዕለቱ ተመልሰው? እያለ ነው። መልሱ ያለው እነዚህ ውስጥ ነው፤ ሁለት ሰዎች ወደ አንድ ከተማ ሄደው ሁለት ዓይነት ክፍያ የሚያገኙትም በዚህ ምክንያት ነው።

ለነን-ኢግዜምፕት ሠራተኛ ዋናው ደንብ 5 ሲኤፍአር (የፌዴራል ደንቦች ስብስብ) 551.422 ነው። ቁጥሩን ይያዙት፣ ለአለቃዎ ሲጽፉ ያስፈልግዎታል። ደንቡ የጉዞ ሰዓት የሥራ ሰዓት የሚሆንባቸውን አራት ሁኔታዎች ያስቀምጣል። በመደበኛው የሥራ ሰዓትዎ ውስጥ እንዲጓዙ ከተደረገ አንዱ ነው። መኪና እንዲነዱ ወይም እየተጓዙ ሌላ ሥራ እንዲሠሩ ከታዘዙ ሁለተኛው ነው። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ከተማ ለቀው እንደ ተሳፋሪ ከሄዱ ሦስተኛው ነው። አራተኛው የእርስዎ ነው፦ አድረው ለሚሠሩት ሥራ፣ ሥራ በማይገቡበት ቀን፣ ግን ከመደበኛው የሥራ ሰዓትዎ ጋር በሚገጥም ሰዓት እንደ ተሳፋሪ ከተጓዙ ያ ሰዓት የሥራ ሰዓት ነው።

እሁድ ሥራ የማይገቡበት ቀን ነው። በሥራ ቀን ቢሆን ኖሮ ከ8:00 እስከ 4:30 ጠረጴዛዎ ላይ ነበሩ። ስለዚህ እሁድ በዚያው ሰዓት ውስጥ የተጓዙት ይቆጠራል፤ ከ4:30 በኋላ ያለው አይቆጠርም። ኤርፖርት የደረሱት 1:00 ላይ ነው። ከዚያ እስከ 4:30 ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። በረራ የጠበቁበት ሰዓትም በተለመደው መጠን እስከሆነ ድረስ የጉዞው አካል ነው። አውሮፕላኑ አየር ላይ እያለ 4:30 ይሞላል። ከዚያች ደቂቃ በኋላ እዚያው ወንበር ላይ፣ በዚያው በረራ ላይ ቢሆኑም ሰዓቱ ሌላ ስም ይይዛል። ለሰው ሲነግሩት ያስቃል፤ ደንቡ ግን እንዲህ ነው የተጻፈው።

ከቤትዎ እስከ ኤርፖርት ያለውን አልቆጠርኩም። ኤርፖርቱ በመደበኛ የሥራ ቦታዎ ክልል ውስጥ ከሆነ ያ መንገድ ከቤት ወደ ሥራ እንደመሄድ ይታያል። ክልሉን መሥሪያ ቤቱ ነው የሚወስነው፤ እስከ 50 ማይል ራዲየስ ድረስ ማስፋት ይችላል። የእናንተ መሥሪያ ቤት ስንት ማይል እንዳለ ኤችአርን ይጠይቁ። ለምሳሌ ከባልቲሞሩ ኤርፖርት ቢነሱ፣ ይህ ቁጥር ውጤቱን ሊለውጠው ይችላል።

አሁን ገንዘቡን እናስላ። የሰዓት ደሞዝዎ 30 ዶላር ነው እንበል። በአብዛኛው መሥሪያ ቤት ሳምንቱ እሁድ ጀምሮ ቅዳሜ ያልቃል። ከሰኞ እስከ ዓርብ 40 ሰዓት ሠርተዋል። የእሁዱ ሲጨመር 43 ሰዓት ተኩል ሆነ። ትርፉ ሦስት ሰዓት ተኩል በ45 ዶላር ሲባዛ 157 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይመጣል። እሁድ ለሠራ ሰው የሚጨመረው 25 በመቶ ግን እዚህ የለም፤ እሱ መደበኛ ፕሮግራሙ እሁድ ለሚውል ሰው ነው።

ወደ ትራቭል ኮምፑ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

«ኮምፕ» የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ በታይምሺት ላይም የተለያየ ኮድ ነው ያላቸው። አንደኛው በኦቨርታይም ገንዘብ ፋንታ የሚወሰድ የተለመደው ኮምፕ ታይም ነው። ሁለተኛው በ2004 በወጣ ሕግ የተፈጠረውና ከጥር 2005 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የጉዞ ኮምፕ ነው። የሕጉ ቁጥር አርዕስት 5፣ አንቀጽ 5550ቢ ነው። የጉዞ ኮምፕ የተፈጠረው በሌላ መንገድ ለማይከፈል የጉዞ ሰዓት ብቻ ነው። ይህ «ብቻ» ነው የጉዳይዎ ቁልፍ። ኦቨርታይም የሆነ ሰዓት የጉዞ ኮምፕ ሊሆን አይችልም። አለቃዎ ቢፈልጉም፣ እርስዎ ቢስማሙም አይችልም።

ልዩነቱ የስም አይደለም። የጉዞ ኮምፕ አንድ ሰዓት በአንድ ሰዓት ነው፤ አንድ ተኩል የሚባል የለም። በምንም ሁኔታ ወደ ገንዘብ አይቀየርም። በ26 ፔይ ፔሬድ (የሁለት ሳምንት የደሞዝ ጊዜ) ውስጥ፣ ማለትም በአንድ ዓመት ገደማ፣ ካልተጠቀሙበት ይጠፋል። ሥራ ቢለቁ ይጠፋል። ወደ ሌላ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ቢዛወሩም አብሮዎት አይሄድም። የተለመደው ኮምፕ ታይም ግን ለነን-ኢግዜምፕት ሠራተኛ ጊዜው ካለፈ በኦቨርታይም ዋጋ በገንዘብ መከፈል አለበት። ደግሞም የተለመደውን ኮምፕ መምረጥ የእርስዎ ፋንታ ነው። ነን-ኢግዜምፕት ሠራተኛን «ገንዘቡን ትተሽ ኮምፕ ውሰጂ» ብሎ ማስገደድ አይቻልም።

እንግዲህ አለቃዎ እንዳሉት ሁሉንም በትራቭል ኮምፕ ኮድ ቢሞሉት ምን ይሆናል? 157 ዶላር ከ50 የነበረው ሦስት ሰዓት ተኩል ዕረፍት ይሆናል። ያውም ዓመት ሳይሞላ ካልወሰዱት የሚጠፋ። ሥራ በዝቶ ዕረፍት በማይወጣበት ቢሮ ውስጥ ከሆኑ ደግሞ እንደሌለ ቁጠሩት። አለቃዎ ተንኮል አስበው ነው አልልም። አብዛኛው ሱፐርቫይዘር ኢግዜምፕት ስለሆነ ለራሱ የሚሠራለትን ደንብ ለሁሉም የሚሠራ ይመስለዋል። ኪስዎ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ያው ነው።

የቀረው ሰዓት ግን የጉዞ ኮምፕ መሆኑ ልክ ነው። እሁድ ከ4:30 እስከ 5:45 አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ዓርብ ከ4:30 እስከ ማታ 8:00 ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ዓርብ የሥራ ቀን ስለሆነ ከሥራ ሰዓት ውጭ ተሳፍረው የተመለሱበት ሰዓት ኦቨርታይም አይሆንም። ሁለቱ ሲደመሩ አራት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ነው። መሥሪያ ቤቶች የሚመዘግቡት በ6 ወይም በ15 ደቂቃ ከፋፍለው ነው፤ የእርስዎ ሰዓት በ15 ደቂቃው ልክ ይገጥማል። ከኤርፖርት ወደ ቤት ያለውም፣ ልክ እንደ መሄጃው፣ አይቆጠርም። መሀል ላይ ቁጭ ብለው እራት የበሉበት የምግብ ሰዓት ካለም ይቀነሳል። በረራ ዘግይቶ ረጅም ሰዓት ቢጠብቁ፣ እንደልብዎ የሚያርፉበትና የሚተኙበት ከተለመደው ውጭ የረዘመ ጥበቃ ለጉዞ ኮምፕ አይታሰብም።

አንድ ነገር አደራ፦ የጉዞ ኮምፕ ራሱ አይመዘገብም። መሥሪያ ቤቱ ጥያቄው የሚገባበትን የጊዜ ገደብ የማውጣት መብት አለው። ገደቡን ካሳለፉ እምቢ ሊሉዎት ይችላሉ። ባለፈው ወር ነው የተጓዙት፤ ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳይሉ የመሥሪያ ቤትዎን ገደብ ይጠይቁና ያስገቡ።

የሥራ ባልደረባዎ ጉዳይ አሁን ግልጽ ነው። እሱም ነን-ኢግዜምፕት ነው፣ እንዲነዳም ታዟል። የሚነዳ ሰው ተሳፋሪ አይደለም፣ በሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ከዲሲ አትላንታ ያለው የአሥር ሰዓት ገደማ መንገድ፣ ለምግብ የቆመበት ተቀንሶ፣ በጠዋትም ይሁን በማታ ሙሉ በሙሉ የሥራ ሰዓት ነው። ቀኑና ሰዓቱ ለእሱ ለውጥ አያመጣም። አድልዎ አልተደረገብዎትም ብዬ የምጽፈው ደስ ብሎኝ አይደለም፤ ሁለታችሁም እሁዳችሁን ነው የሰጣችሁት። ቢሆንም በዚህ ላይ ቢከራከሩ አያሸንፉም። ጉልበትዎን በሦስት ሰዓት ተኩሉ ላይ ያውሉት።

«ታዲያ እኔም በራሴ መኪና ብሄድ ይሻለኝ ነበር» ብለው እንዳያስቡ። መሥሪያ ቤቱ የአውሮፕላን ትኬት አቅርቦ እርስዎ በራስዎ ፍላጎት መንዳት ከመረጡ፣ የሚቆጠረው ከሁለቱ ያነሰው ነው። አሥር ሰዓት ቢነዱም በበረራው ሊቆጠር ይችል የነበረው ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ ይታሰባል። ሰዓቱን ወይም መንገዱን ለራስዎ ምቾት ቢቀይሩም ያው ነው። ቅዳሜ ዘመድ ልጠይቅ ብለው ቀድመው ቢሄዱ፣ ሂሳቡ የሚሠራው መሥሪያ ቤቱ ባቀረበው ጉዞ ነው።

በበረራ ላይ ሥራ ከሠሩስ? ይህ ሁለተኛው ሁኔታ ነው። አለቃዎ «ለሰኞ ሪፖርቱን አውሮፕላን ላይ ጨርሺው» ብለው ካዘዙ፣ ያ ሰዓት ከ4:30 በኋላም ቢሆን የሥራ ሰዓት ነው። ትእዛዙ በጽሑፍ ቢኖር ይመረጣል። ኢሜይል ካለዎት ያስቀምጡት። ማንም ሳያዝዝዎት በራስዎ ተነሳሽነት ላፕቶፕ መክፈት ግን ክርክር ውስጥ ያስገባል።

ይህን የሚያነቡ ኢግዜምፕት ሠራተኞችም አላችሁና ስለ እናንተ ጥቂት ልበል። የእናንተ ደንብ ጠበቅ ያለ ነው። በአርዕስት 5 መሠረት ከመደበኛው የሥራ ቦታ ርቆ የተደረገ ጉዞ የሥራ ሰዓት የሚሆነው በመደበኛው የሥራ ሳምንታችሁ ሰዓት ውስጥ ከሆነ ነው። ከዚያ ውጭ ከሆነ ደግሞ በጉዞው ላይ ሥራ ከተሠራ፣ ጉዞው ከእንዲህ ያለ ሥራ ጋር የተያያዘ ከሆነ (ለምሳሌ ዕቃ አድርሶ በባዶ መኪና መመለስ)፣ እጅግ አስቸጋሪ በሆነ ሁኔታ ከተደረገ፣ ወይም መሥሪያ ቤቱ ቀጠሮ ሊይዝለትም ሊቆጣጠረውም ከማይችለው ክስተት የመጣ ከሆነ ነው። የመጨረሻውን ልብ በሉት። ድንገት አውሎ ነፋስ መትቶ በሌሊት ተነሱ ብትባሉ ያ ጉዞ፣ መመለሻውም ጭምር፣ የሥራ ሰዓት ሊሆን ይችላል። ከሁለት ወር በፊት ቀኑ የታወቀ ስብሰባ ግን አይሆንም። መንዳት ብቻውን ለእናንተ አይበቃም። የእሁድ ተሳፋሪም ከሆናችሁ፣ 11:00 ላይም ብትበሩ ማታም ብትበሩ፣ ድርሻችሁ የጉዞ ኮምፕ ነው። ኦቨርታይም ብታገኙም በፌዴራል የደሞዝ ሰንጠረዥ ከጂኤስ-10 ደረጃ 1 በላይ ለሆነ ሰው ተመኑ ወደ ራሱ ደሞዝ አንድ ተኩል አይሄድም፤ የጂኤስ-10 ደረጃ 1 የሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ ወይም የራሱ የሰዓት ደሞዝ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ይከፈለዋል።

በዕለቱ ተመልሶ ስለሚመጣ ሰው አንድ ምሳሌ ልስጥ፣ ምክንያቱም ልዩነቱ ትልቅ ነው። አንዲት ነን-ኢግዜምፕት ሠራተኛ ጠዋት 6:00 ላይ ከዲሲው ባቡር ጣቢያ ከዩኒየን ስቴሽን ተነስታ ኒውዮርክ ሠርታ ማታ 8:00 ላይ ዩኒየን ስቴሽን ተመለሰች እንበል። ሳታድር ስለተመለሰች፣ ተሳፋሪ ብትሆንም ባቡር ላይ የቆየችበት ሁሉ የሥራ ሰዓት ነው፤ የምግብ ሰዓቷ ብቻ ይቀነሳል። ያቺው ሴት ኒውዮርክ አድራ በማግስቱ ማታ ብትመለስ፣ ከሥራ ሰዓቷ ውጭ ያለው የባቡር ሰዓት ወደ ጉዞ ኮምፕ ይወርዳል። ጓደኛዋ ኢግዜምፕት ከሆነ ደግሞ በአንድ ቀን ደርሶ መልስም ቢሆን ትርፉ ሰዓት የጉዞ ኮምፕ እንጂ ገንዘብ አይሆንም።

በየዕለቱ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት የሚደረገው መንገድ አይከፈልም። በ1947 ከወጣው ፖርታል-ቱ-ፖርታል ከሚባለው ሕግ ጀምሮ ይህ የጸና ነው። የመንግሥት መኪና ይዘው ቢመላለሱም ለብቻው አይለውጠውም። የድንበር ጥበቃ ውሻ ተቆጣጣሪዎች ውሾቻቸውን በመንግሥት መኪና እያመላለሱ ስለሆነ ይከፈለን ብለው ከስሰው ነበር፤ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1998 አልፈቀደላቸውም። ስለዚህ በዚህኛው ላይ ጊዜ አያጥፉ።

የካውንቲ፣ የከተማ ወይም የስቴት ሠራተኞች ከሆናችሁ፣ እናንተን የሚመለከተው ኤፍኤልኤስኤ በሠራተኛ ሚኒስቴሩ ደንብ በኩል ነው፤ ኦፒኤም አይመለከታችሁም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1985 በሳን አንቶኒዮ የትራንስፖርት ባለሥልጣን ጉዳይ ሕጉ በስቴቶችና በከተሞች ላይም ይሠራል ብሎ ወሰነ። በዚያው ዓመት ኮንግረስ ሕጉን አሻሽሎ በገንዘብ ፋንታ ኮምፕ ታይም እንዲሰጡ ፈቀደላቸው። የእናንተ ኮምፕ ከፌዴራሉ ይሻላል፦ ለአንድ የኦቨርታይም ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ይያዝላችኋል። እስከ 240 ሰዓት ይጠራቀማል፤ ለፖሊስ፣ ለእሳት አደጋና ለመሳሰሉት እስከ 480። ሥራ ስትለቁ የቀረው በገንዘብ ይከፈላል። የጉዞው ደንብ በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው። ከ9:00 እስከ 5:00 የምትሠሩ ከሆነ ቅዳሜና እሁድ በዚያው ሰዓት አድራችሁ ለምትሠሩት ሥራ የተጓዛችሁት ይቆጠራል፤ ከዚያ ውጭ ተሳፋሪ ሆናችሁ የሄዳችሁት አይቆጠርም። በቀኑ መሀል ከአንድ የሥራ ቦታ ወደ ሌላው መሄድ ሁልጊዜ የሥራ ሰዓት ነው። ከሁለት ትምህርት ቤት የምታስተምሩ ረዳቶች፣ ከቤት ቤት የምትዞሩ የካውንቲ ጤና ሠራተኞች፣ ይህን ልብ በሉ። በጉዞ ኮምፕ ግን አትጠይቁ፤ 5550ቢ ለፌዴራል ሠራተኛ ብቻ ነው። የስቴታችሁ ሕግ ወይም የዩኒየን ውላችሁ ከዚህ የተሻለ ሊሰጣችሁ ስለሚችል እሱን አስቀድማችሁ እዩ።

አሁን ምን ያድርጉ? ለአለቃዎ ጠብ የማይመስል አጭር ኢሜይል ይጻፉ። በቃል አይሂዱ። ነን-ኢግዜምፕት መሆንዎን፣ የሥራ ሰዓትዎን፣ የእሁዱን ቀንና ከ1:00 እስከ 4:30 የተጓዙ መሆኑን፣ 551.422ንም ጠቅሰው ታይምሺቱ እንዲስተካከል ይጠይቁ። የበረራ መርሐ ግብሩንና የጉዞ ትእዛዙን ያያይዙ። ቀሪውን አራት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ እዚያው ላይ በጉዞ ኮምፕ ይጠይቁ። ሁለቱን አንድ ላይ ሲጽፉ ደንቡን ለይተው እንደሚያውቁ ይታያል፣ ጉዳዩም አንዴ ያልቃል። አብዛኛው እንዲህ ያለ ጉዳይ ፔይሮል ወይም ኤችአር ሲያየው እዚያው ይፈታል።

ካልተፈታ፣ ዩኒየን ውስጥ ያሉ ከሆነ መንገድዎ በአብዛኛው የዩኒየኑ የቅሬታ ሂደት ነው፤ የሱ የጊዜ ገደብ በቀናት የሚቆጠር ስለሆነ ተወካይዎን ዛሬ ያነጋግሩ። በዩኒየን ውል ያልተሸፈኑ ከሆነ ለመሥሪያ ቤቱ ወይም ለኦፒኤም በጽሑፍ ማመልከት ይችላሉ። በኤፍኤልኤስኤ ወደ ኋላ የሚኬደው ሁለት ዓመት ነው፤ መሥሪያ ቤቱ እያወቀ ያደረገው ከሆነ ሦስት ዓመት። ጽሑፍዎ የገባበት ቀን ነው ቆጠራውን የሚያስቆመው፤ በቃል የተነጋገሩት አያስቆመውም። ስለዚህ ባለፉት ሁለት ዓመታት ቅዳሜ ወይም እሁድ በሥራ ሰዓትዎ የበረሩበት ሌላ ጉዞ ካለ የድሮ ኢሜይሎችዎን ፈልገው ያውጡ። የኋላው ከዚህኛው ሊበልጥ ይችላል። መብቱን በመጠየቁ ምክንያት ሠራተኛን መበቀል በሕጉ የተከለከለ ነው።

ለሚቀጥለው ጉዞ ደግሞ ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት ይናገሩ። ሕጉ መሥሪያ ቤቶች በተቻለ መጠን ጉዞን በመደበኛው የሥራ ሰዓት ውስጥ እንዲያደርጉ ያዛል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ 5 ሲኤፍአር 610.123 ነው። ኦቨርታይም የማይከፈልበት ጉዞ ከሥራ ሰዓት ውጭ ካዘዙ፣ ያዘዘው ኃላፊ ምክንያቱን በጽሑፍ መመዝገብ አለበት፤ ሠራተኛው ከጠየቀም ቅጂውን ሊሰጠው ይገባል። «የዓርቡን መመለሻ ወደ ቅዳሜ ጠዋት ወይም ዓርብ ቀን ማድረግ ይቻላል? ካልተቻለ ምክንያቱን በጽሑፍ ባገኝ» ብለው በትህትና ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱን ከመጻፍ በረራውን መቀየር ይቀላቸዋል። ቅጂውን ካልሰጡዎትም የጠየቁበትን ኢሜይል ከጉዞ ሰነዶችዎ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ ያስቀምጡት።